ደረት ንፉ!

ሰው ሲተነፍስ ማየት ከባድ ሥራ አይደለም። ዓይንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። እኔ በደርግ ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ስሠራ ግን ዓይን ያላቸው ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ትዕግሥት ያላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ነርስነት የተማርኩት ጅማ ነው። ያስተማረችን ሴትዮ ሳቅ የሚባል ነገር አታውቅም፤ በዚያ ሁሉ ክረምት ነጭ ካልሲዋን ጭቃ ነክቶት አላየሁም። ደረት መመርመር የምታስተምረው እንዲህ ነበር። በሽተኛውን ሸሚዙን አስወልቃ ብርሃን በሚገባበት መስኮት በኩል ታስቀምጠዋለች። እኛን ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ትደረድርና «አፋችሁን ዝጉ፤ ከመንካታችሁ በፊት እዩ» ትላለች። ሁለቱ ጎኖች እኩል ይነሳሉ ወይ? በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ወይ? አንገቱ ይወጠራል? አፍንጫው ይርገበገባል? አንድ ሌላ ብልሃትም ነግራናለች፤ ትንፋሹን እያያችሁ መሆኑን ለበሽተኛው አትንገሩት፣ ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ያሳምራል። እጁን ይዛችሁ የልብ ምቱን የምትቆጥሩ ምሰሉ፣ ዓይናችሁ ግን ደረቱ ላይ ይሁን። ትምህርቱ ይኸው ነው። ለዚህ ብሎ ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነበር። ጤና መኮንን ሆኖ ሳለ ዶክተር ካልተባለ ፊቱን ያዞራል። አንዱ ሶሻሊስት ሀገር ለጥቂት ወራት ሥልጠና ሄዶ ነበር። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ ለማንም አልነገረም፤ ስለ በረዶው ግን ያልሰማ ሰው በከተማው አልነበረም። «እኔ የሳንባ በሽታን ከበር ላይ ነው የማውቀው» ይል ነበር አፉን ሞልቶ። እውነቱን ነው፤ ከበር አላሳለፈውም። በሽተኛው በር ላይ ይቆማል፣ እሱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሻዩን እያማሰለ ልብሱን ያያል። ኮት ለብሶ የሚያስል አስም ነው ያለበት፣ በባዶ እግሩ የመጣ ሲያስል ደግሞ ነቀርሳ ነው። እኔ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ያ ሰውዬ አንድ ሰው ሸሚዙን ሲያስወልቅ ያየሁት በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም እነግራችኋለሁ፤ ባላስወለቀ ይሻል ነበር።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቡና የሚጭን አንድ ኩሊ ነበር። ከሸዋ ቤንች በኩል የመጣ፣ አማርኛው አጭር፣ ሳቁ ግን ረጅም ሰው። ሥራ ተመድቤ ከተማው የገባሁ ዕለት የብረት አልጋዬን ብቻውን ተሸክሞ ዳገቱን ያወጣልኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ሚስቱ እጅጌውን እየጎተተች ጤና ጣቢያ ይዛው መጣች። እሷ ገበያ ላይ ጎደሬ ትሸጣለች። እሱ ምንም አልሆንኩም እያለ ያፍራል፤ እሷ ደግሞ ትቆጣዋለች።

«ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ ጋደም ማለት ትቷል። ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያንቀላፋው» አለችኝ።

መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ሸሚዙን አወለቀ። ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ይህን የምለው ጎበዝ ነበርኩ ለማለት አይደለም፤ ለአንድ አፍታ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። የግራ ጎኑ ከቀኙ ሞላ ብሏል። በጎድን አጥንቶቹ መካከል መታየት ያለበት ስርጉድ እዚያ በኩል ጠፍቷል። ቀኙ ሲነሳና ሲወርድ ግራው ቆሟል፤ እንደተቆለፈ በር ዝም ብሏል። ቀኙ የሁለቱንም ሥራ ብቻውን እየሠራ ነው። ሳንባው ላይ ውሃ ቋጥሯል። ጅማ ሄዶ ራጅ መነሳት፣ ውሃው መቀዳት፣ ከዚያም መድኃኒት መጀመር ነበረበት። ካልሆነ ሰውዬው ቀስ በቀስ በገዛ ደረቱ ውስጥ መስመጡ ነው።

ለኃላፊዬ ነገርኩት። ቀና ብሎ በበሩ በኩል አየውና «ከሸክም ነው» አለኝ። «በአንድ ትከሻ የሚሸከም ሰው አንድ ጎኑ ይወፍራል። ውጭ ሀገር የወደብ ሠራተኞች ላይ አይቻለሁ።» የሄደበት ሀገር ወደብ ይኑረው አይኑረው እኔ አላውቅም። ወደ ጅማ የሚልከውን ሪፈር ግን ነገር እንዳላበዛበት ብሎ ፈረመልኝ።

ያን ጊዜ ከሚዛን ጅማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌ ስንሄድ የሰውዬው ስም ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቧል፤ ምልመላው ሳያልፍ ከከተማ መውጣት አይችልም ተባልን። ይህን የነገረን የምልመላው ኃላፊ የነበረው ካድሬ ነው። ካድሬ ከመሆኑ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ፊሽካውን ቢያስቀምጥም አንገቱ ላይ ያለ ይመስለዋል።

«ምን አስቸኮላችሁ? ምልመላው ላይ ሐኪም ያየው የለ?» አለን። «ከታመመ ያኔ ይታያል።»

እኔም ቂሏ እውነት መስሎኝ ደስ አለኝ። ሚስቱንም አይዞሽ አልኳት።

ምልመላው የተደረገው በቡና መጋዘን ውስጥ ነው። የቡናውን ጆንያ ወደ ጥግ ገፍተው ቆልለውታል። ገለፈቱ አየር ላይ ይበናል፤ ጤነኛውንም ያስላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ዝናብ ያልጣለበት የሚዛን ቀን አላስታውስም። ከየቀበሌውና ከየገበሬ ማኅበሩ የተሰበሰቡት ወንዶች ሸሚዛቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። ኃላፊዬ ነጭ ጋዋኑን አስተኩሶ፣ የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ያ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ከኋላው ተከተልኩ።

እንግዲህ ምርመራ ሊጀመር ነው። ካድሬው ወደ ፊት ወጣና በሙሉ ድምፁ «ተጠንቀቅ! ደረት ንፉ!» ብሎ ጮኸ።

ወንዱ ሁሉ አየሩን ስቦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ያዘ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከእኔ፣ ከካድሬውና ከሐኪሙ በስተቀር የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ሐኪማችንም በሰልፉ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንሸራሸረ የማይተነፍሱ ሰዎችን አተነፋፈስ መረመረ። «ጻፊ፣ ደህና። ጻፊ፣ ደህና። ጻፊ፣ ደህና።» እሱ ሲያልፍ ከኋላው ያሉት ኡፍ እያሉ ይለቁታል፤ ዘወር ብሎ አያይም። በሕይወቴ ብዙ ቂላቂል ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ በጋዋንና በትእዛዝ የታጀበ ግን አላየሁም። ሳቄም መጣ፣ ደሜም ፈላ።

እያለ እያለ ኩሊው ጋ ደረሰ። ቆመ። ያንን የሞላ ግራ ጎን፣ ያንን በውሃ የተወጠረ ደረት ትክ ብሎ አየው። አሁን ሊያየው ነው ብዬ እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ።

«ጓድ! ጓድ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡ!» ብሎ ካድሬውን ጠራው። «ደረት ማለት ይሄ ነው!»

ካድሬው መጣና የኩሊውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሁለቱ ወንዶች የሰውዬውን በሽታ እያደነቁ ቆሙ። ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይቀመጥና ይተንፍስ። ግራ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ ሪፈሩንም እርስዎ ነዎት የፈረሙት» አልኩ።

«ሲስተር፣ አንቺ የመጣሽው ለመጻፍ ነው» አለኝ ሳያየኝ። «ጻፊ፣ በጣም ደህና።»

በጣም ደህና! ሌላው ሁሉ ደህና ብቻ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናለ? ምርመራው ሲያልቅ እንደ ወጉ መፈክር ሊሰማ ነው። ካድሬው መፈክር አስያዥ ፈለገ፤ ማንን ይምረጥ? ያንን ደረት። ኩሊውን በቆለሉት ጆንያ ላይ አቆሙት። ግራ እጅህን ወደ ላይ አንሳ አሉት፤ ሕመሙ ያለበትን ጎን ማለት ነው። አነሳ። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ። ይህችን እንደምንም ተወጣት። ሕዝቡም ተቀበለው። ቀጠለ፤ «አብዮታዊት...» ትንፋሽ። «እናት ሀገር...» ትንፋሽ። «ወይም...»

ቆመ።

ሁሉም የግራ እጁን ጨብጦ አንስቶ ይጠብቃል። እኔ ፊቱን አያለሁ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። አየር ነው ያለቀበት እንጂ «ሞት» የምትለዋን ቃልማ ያውቃታል፤ ያን ቃል ያኔ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

«ወይም ምን?» አለ ካድሬው።

ኩሊው አየር ለመሳብ ይታገላል።

«ወይም ምን? ጨርሳት እንጂ! ሌላ ምርጫ አለህ?»

ከሰልፉ መካከል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ጉድ ያፈላው። ሕዝብ ከሳቀ መፈክሩ ተቀልዶበታል፤ መፈክሩ ከተቀለደበት ደግሞ አድኃሪ አለ። ካድሬው ፊቱ ተለዋወጠ። አብዮት ጠባቂዎቹ ኩሊውን ከጆንያው ላይ አውርደው፣ ሸሚዙን እንኳ ሳያለብሱ፣ በዝናብ ወደ ቀበሌ እስር ቤት ወሰዱት። ሲገፈትሩት በየጥቂት እርምጃው ይቆማል፤ ያንንም እንቢተኝነት አደረጉበት።

ኃላፊዬን እጁን ይዤ «ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ይንገሩላቸው» አልኩት።

«ትንፋሽ እንዴት ያጥረዋል? እኔ ራሴ መርምሬዋለሁ እኮ» አለኝ። ከልቡ ተገርሞ ነው የተናገረው።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ደረቱ ጤነኛ ከሆነ አፉ ወንጀለኛ ነው። በዚያ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ገብቶ ሳይወጣ ይቀር ነበር። ባይነኩት እንኳ እዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ያ ውሃ ይጨርሰዋል። ሊያድነው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኃላፊዬ «አላየሁትም» ማለት አለበት። የሰው ነፍስ በዚህ ሰውዬ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ያ አፍ ደግሞ ስለ በረዶ ካልሆነ በቀር እውነት አይወጣውም።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። ፈርቻለሁ። ሚስቱ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በር ላይ ተቀምጣለች። አላስገቧትም። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ገባሁ።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኩት ካድሬውን። «ሰውዬውን አስጠርተው ዝም ብለው ይዩት። አይዘዙት። ተጠንቀቅ አይበሉት። ቁጭ ብለው ደረቱን ይዩልኝ።»

ያባርረኛል ብዬ ነበር። ግን የስፖርት አስተማሪነቱ ነው መሰል የሰው አካል ነገር ሲነሳ ጆሮው ይቆማል። አስጠራው። ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩትና እጁን ያዝኩ። የልብ ምቱን የምቆጥር መስዬ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጎደሬው፣ ስለ ገበያው አወራሁት። እሱም በአጭር በአጭሩ እየመለሰ ረሳው። ካድሬው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ያ ለፍላፊ አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደገና አየ።

«ግራው አይነሳም» አለ በመጨረሻ። «ቀኙ ብቻ ነው የሚሠራው። ትናንት ለምን አላየሁትም?»

«ትንፋሽ አስይዘውት ነበር እኮ» አልኩት።

ኃላፊዬ ተጠራ። ጉዳዩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በሽተኛ ወታደር አሳልፏል ማለት ለእሱም ቀላል አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የሰው ደረት በቅርብ አየ። ቀና ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ይሄ አጣዳፊ ነው። ውሃው የገባው ከትናንት ወዲህ ነው። ትናንት ስመረምረው ንጹሕ ነበር፤ ብርዱ ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ ሲስተር?»

ካድሬው በተስፋ አየኝ። ይህች ውሸት ለሁሉም ትስማማ ነበር፤ ሐኪሙ አልተሳሳተም፣ ካድሬው አልተሞኘም፣ አብዮቱም አልተነካም። ይለፉን የሚፈርሙት እነሱ ናቸው።

«እውነትዎን ነው ዶክተር» አልኩ። ምራቄ መረረኝ። ቢሆንም ኩሊው በዚያው ቀን ቡና በጫነ መኪና ላይ፣ ከሚስቱ ጋር፣ ወደ ጅማ ሄደ።

ጅማ ውሃውን ቀዱለት። ሚስቱ ስትመለስ በእጇ ልኬታውን እያሳየች አንድ ሳፋ ነው ትላለች፤ ጨምራም ይሆናል፣ ደስታ ነው ያስጨመራት። ከዚያ መርፌውና ክኒኑ ሆነ፤ ረጅም ነው፣ ሰው ያስመርራል። እሱ ግን አንድም ቀን አልቀረብኝም። ኃላፊዬ «ያ የእኔ በሽተኛ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር፤ አጣዳፊውን ውሃ እንዴት በዓይኑ ብቻ እንደደረሰበት ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ እየሰማሁ ሻይ አቀርባለሁ። ብዙም ሳይቆይ በዚሁ በዚሁ ወደ አውራጃ ተሾመ። ሄደ፣ ተገላገልኩ። ሰውዬው ግን ዳነ። ፊቱ ሞላ፣ ሳቁ ተመለሰ፣ እንደገና ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ከሥራዬ ሁሉ እንደሱ የኮራሁበት አልነበረም። ሚስቱም አርግዛ ነበር።

ቀጣዩ ምልመላ መጣ። ለጤና ጣቢያው አዲስ ኃላፊ ስላልተላከ ደረት የማየቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ያው መጋዘን፣ ያው ገለፈት፣ ያው ካድሬ። ካድሬው ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ተጠንቀቅ የለ፣ ደረት ንፉ የለ። በበሩ ብርሃን በርጩማ አስቀምጧል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሸሚዛቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ፣ ማንም አይናገርም። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ያያል። ከአውራጃ ለመጡት እንግዶች አንድ ጎን ወደ ኋላ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ በኩራት ያስረዳቸዋል። ጎበዝ ተማሪ ወጣው፤ ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የገባው ትምህርት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የኩሊው ተራ ደረሰ። ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝና ተቀመጠ። አየሁት። ግራው ይነሳል። ቀኙ ይነሳል። አብረው ይወርዳሉ። ስርጉዱ ተመልሷል። በሽታ ፈልጌ አጣሁ፤ ያን ቀን የሰው ደረት ታሞ ባገኘሁት ብዬ ተመኘሁ።

«ግራው ወደ ኋላ ይቀራል። ውሃው ተመልሷል፤ ይህ ሰው አይሆንም» አልኩ።

ካድሬው ጎንበስ አለ። ሳይናገር፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እንዳሳየሁት አየ። እንግዶቹም አብረውት አዩ።

«የለም ሲስተር፣ እኩል ነው የሚነሳው» አለ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጥሩ ተማሪ፣ ትንሽ አፍሮልኝ ነው ያረመኝ። «እኩል ነው የሚወርደው። አንቺ ነሽ እኮ ያስተማርሽኝ።» ከዚያም «ደህና» ብሎ ራሱ ጻፈ።

ምልምሎቹን ወደ ጦሩ የሚወስደው መኪና ውጭ ቆሟል። ኩሊው ሸሚዙን አንስቶ ተነሳ፤ ግን አልሄደም። ወደ እኔ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት የጦርነቱ አልነበረም።

«ሲስተር፣ ውሃው እውነት ተመለሰ ወይ?»

የካድሬውን ቃል አላመነም፤ የእኔን ነው ያመነው።

«አልተመለሰም» አልኩት። «ድነሃል። ደህና ነህ።»

ደስ አለው። ፊቱ በራ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና ሸሚዙን እየቆለፈ ወደ መኪናው ሄደ።